መሪውን የያዘው ሳንቃ

የመጀመሪያው የእንፋሎት መርከብ ጭሱን እየጎተተ ወደዚያ ወደብ በገባ በሦስተኛው ዓመት፣ ዝናቡ አባርቶ ጉም ከውሃው ላይ እንደ ጥጥ በሚነሳበት ወር፣ ከወደቡ ሹም ዘንድ እንዲህ የሚል አዋጅ ወጣ፦ «እጃቸው የበረታ ሁለት ሰዎች የሌሏት ባለሸራ ጀልባ ሁሉ ተፈልጣ ለመርከቡ ምድጃ ማገዶ ትሁን!»

ወሬው ሸራ ሰፊዋ ዘንድ ሲደርስ፣ «ሹሙ እንጨት ካነሰው የገዛ ጭንቅላቱን አይፈልጥም?» አለች። ሰፈሩ «መርፌ» የሚላት ስለ ሙያዋ ብቻ አልነበረም። ሆኖም ነገሩ ለቤቷ ቀልድ አልነበረም፤ ወንድሟ ደመወዝ ብሎ ወደ እንፋሎቱ መርከብ ገብቷል፤ የአባቷ ቀኝ እጅ ከሕመማቸው ወዲህ እንደ እርጥብ ገመድ ተንጠልጥሏል፤ ጀልባዋ ደግሞ አባቷ በጉብዝናቸው ወራት የሠሯት፣ ከልጆቻቸው ለይተው የማያዩዋት ነበረች።

ልጂቱ ሸራውን ልትስብ ስትነሳ፣ የአባቷ ግራ እጅ ብቻውን ስለማይችለው፣ መሪው ባለቤት ያጣል፤ ጀልባዋም እንደ ሰካራም ትዞራለች። ስለዚህ መሮና መጋዝ ተውሳ በአንድ ሳንቃ ጠርዝ ላይ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ አወጣች፤ ሳንቃውንም በጀልባዋ ኋላ፣ መሪውን ከሚያዞረው ዘንግ ሥር አጋድማ ቸነከረችው። ዘንጉ በሁለት ጥርሶች መካከል ሲገባ ያለ ሰው እጅ ባለበት ይቆማል።

አባቷ በግራ እጃቸው ነቀነቁት፤ ንቅንቅ አላለም።

«እንደ ሌባ ጠፍረሽ አሰርሻት» አሉ።

«ታዲያ እንደ ሙሽራ ልያዛት አባዬ?»

«አዎና! ማዕበሉ ሲገፋት እሺ የምትልበት ቦታ ካጣች ዘንጉ ይሰበራል።»

በክርክር ተረትታ የማታውቀው ልጅ ይህን ጊዜ መሮውን አንስታ ክፍተቶቹን አሰፋች፤ ቁራጭ ቆዳም አለበሰቻቸው።

ሹሙ ባለጀልባዎቹን ሊፈትን በቀጠረበት ማለዳ በወደቡ ግንብ ላይ ቆሞ፣ «ከወደቡ ፊት ያለችውን ደሴት ዞራችሁ ተመለሱ። ብልሃት አለኝ የሚለኝ በዝቷል፤ እኔ የምቆጥረው ሰው ነው!» አለ።

አባትና ልጅ ሸራቸውን ዘርግተው ወጡ፤ ጉሙ ዋጣቸው። የብሱ ጠፋ፤ ድምፅ ጠፋ፤ ሸራው ብቻ ከበላያቸው እንደ ነጭ እንቅልፍ ተነፋ። ዘንጉ በጥርሶቹ መካከል፣ ሕፃን በእንቅልፉ እንደሚገላበጥ፣ ቀስ ብሎ ወዲያና ወዲህ ይል ነበር። ልጂቱ ገመዱን አጥብቃ አሰረችና ሁለት እጆቿ ባዶ ሆነው ቆመች፤ ውሃው ከሥራቸው ይሄዳል እንጂ እነሱ የሚሄዱ አልመሰላትም።

«አሁን ማነው የያዛት?» አሉ አባቷ ዓይናቸውን እንደ ጨፈኑ።

«እኔም እንጃ አባዬ» አለች፤ ድምፅዋም የሌላ ሰው መሰላት።

ከጉሙ ሲወጡ ሹሙ አጨበጨበ፤ ሳንቃውን የአዛውንቱ ካባ ሸፍኖት ነበርና አላየውም። «አንቱ ሰው! ይህን እጅ ሞተ ያለው ማነው? በዕድሜዬ እንዲህ ቀጥ ያለ መሪ አላየሁም!»

አባቷ እውነቱን ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ። እሷም ስለ ብልሃቷ የምትደሰኩረውን ስታሰናዳ ከርማለች፤ ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጠችው።

«አባቴን አያውቋቸውም ማለት ነው ጌታው» አለች ቀድማ፤ «እኔማ ገመድ ሳቢ ነኝ።»

ጀልባዋ ከምሳር ተረፈች። ጥርሳሙ ሳንቃ በዚያ ባሕር ዳርቻ ከጀልባ ወደ ጀልባ ተዛመተ፤ ማን እንደ ጀመረው የጠየቀ ግን የለም። የወደቡን ዜና መዋዕል የጻፉት ሊቃውንት ሞተ በተባለ እጃቸው ደሴቷን ስለዞሩት አዛውንት ሙሉ ገጽ ሰጥተዋል፤ ስለ ልጃቸው ያሉት «ገመድ ትስብ ነበር» ብቻ ነው። ታሪክን በዚህ መውቀስ አይቻልም፤ የጻፈው እሷው ራሷ የነገረችውን ነው።