ሰባት ሽንፈትና አንድ ሬሳ

አሰልጣኝ ያዕቆብ የተገኘው አዲስ ጫማ አድርጎ ነው። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ በ«ባሮ ማዕበል» እግር ኳስ ክለብ መልበሻ ክፍል ውስጥ በጀርባው ተንጋሎ፣ ሞቶ። አጠገቡ ግማሹ የተበላ የተጠበሰ ዓሣ በሳህን ነበር።

ክለቡ ዘንድሮ ያልገዛው ነገር የለም። ከአዲስ አበባ አጥቂ ገዛ። ለአሰልጣኙ የውጭ ጫማ፣ ለሣሩ የኤሌክትሪክ ውኃ ፓምፕ ገዛ። ነጥብ የሚሸጥበት ሱቅ ግን አልተገኘምና ሰባት ጨዋታ በተከታታይ ተሸነፈ። ጋምቤላ ውስጥ ማሊያውን ለብሶ ባጃጅ የተሳፈረ ሰው እስኪወርድ ድረስ የሾፌሩን ፌዝ ይጠጣል።

ኢንስፔክተር ኛቹዎል ስትደርስ ነገሩ አልቆ ጠበቃት። የክለቡ ፕሬዚዳንት አቶ ደሞዝ ገዳዩን ራሳቸው ለይተው አሳስረውታል።

«አምበሉ ነው፤ ኩን!» አሉ ላባቸውን እየጠረጉ። «ትናንት እንደገና ከአሰላለፍ ሲወጣ አሰልጣኙ ላይ በሰው ፊት ጮኸ። ዛሬ ዓሣ አመጣለት። መርዝ ነው። ዛሬውኑ ፋይሉ ለዐቃቤ ሕግ ይድረስ፤ እሁድ ጨዋታ አለብን።»

«ያዕቆብ ዓሣውን ሲበላ አይተዋል?»

«ምን ማየት ያስፈልጋል፣ እህቴ? ሳህኑን እዪው እንጂ!»

ኛቹዎል አየችው። ከዚያ አግዳሚው ሥር ጢሟን የምትልስ ድመት አየች።

«ይቺ ሌባ!» አሉ የዕቃ ቤት ኃላፊዋ ወይዘሮ ሙሉነሽ፤ ተጫዋቾቹ እማማ ሙሉ የሚሏቸው። «ዓሣውን እሷ ናት የበላችው፤ ስገባ ከሳህኑ ላይ ነው ያባረርኳት።»

ድመቲቱ መጥታ የኢንስፔክተሯን እግር ታከከች። መሞት አላሰበችም፤ ተጨማሪ ነው የፈለገችው።

ኛቹዎል ጎንበስ ብላ የሟቹን ጫማ አገላበጠች። ሶሉ ከካርቶን እንደወጣ ንጹሕ ነው። ስታወልቀው ካልሲ የለም፤ በጣቶቹ መሃል ግን ጥቁር ጭቃና እርጥብ ሣር አለ። ቀኝ መዳፉ ላይ ደግሞ ትንሽ ቃጠሎ። ወደ ሜዳው ወጣች። ግማሹ ረጥቧል፣ ግማሹ ደርቋል፤ ሹሩባዋን ግማሽ ተሠርታ የተነሣች ሴት ይመስላል።

«እማማ ሙሉ፣ አሰልጣኙ ማለዳ ምን ያደርግ ነበር?»

«በባዶ እግሩ ሜዳውን ይዞራል፣ ልጄ። ‹ጠጠሩን ተጫዋች ከሚያገኘው እኔ ላግኘው› ይል ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ አላስታጎለም። ሲጨርስ እዚያ ፓምፑ ቧንቧ ጋ ይታጠባል፤ ፓምፑ የሚበራው ከሰዓት በኋላ ነው።»

«አዲሱን ጫማስ?»

«እ! ከመደርደሪያ ወርዶም አያውቅ።»

ውዱ አጥቂ ዕዝራ ኳስ ላይ ተቀምጦ ስልኩን ይነካካል።

«ስንት ጎል አገባህ?»

«ኳሱን የት አግኝቼ? እኔን ገዙኝ፤ የሚያቀብለኝን ኩንን አስቀመጡት።»

«ያዕቆብ ነው ያስቀመጠው?»

«ኧረ አቶ ደሞዝ ናቸው! አሰላለፉን በስልክ ይልካሉ፤ ውድ ውዱ ይሰለፍ ይላሉ። አሰልጣኙ ትናንት እኔ ፊት ኩንን ይቅርታ ጠይቆታል። ዓሣውም የዕርቅ ነው።»

«በባዶ እግሩ ሲዞር አይተኸዋል?»

«ያላየ ማን አለ? እኔንም ጫማ አስወልቆኛል!»

በመጨረሻ አቶ ደሞዝን ጠየቀች።

«ዛሬ ስንት ሰዓት መጡ?»

«ሙሉነሽ ከደወለችልኝ በኋላ።»

«ያዕቆብ ማለዳ ማለዳ ምን ያደርግ ነበር?»

«እንደ ማንኛውም አሰልጣኝ ነዋ! ጫማውን ያስራል፣ ፊሽካውን ይነፋል።»

ኛቹዎል ማስታወሻዋን ዘጋች።

ስድስት ሰዓት ላይ ሁሉንም ፓምፑ አጠገብ ካለው የማንጎ ጥላ ሥር ሰበሰበች። ኩንም በካቴና መጣ። ቶክ የሚባል የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ኤሌክትሪክ መኖሩን የሚያሳየውን ቴስተሩን ይዞ ቆሟል።

«አቶ ደሞዝ፣ ቢሮዎን ይክፈቱና ፓምፑን ያብሩልን።»

አበሩት። ቶክ ቴስተሩን ቧንቧው ላይ ሲያስነካ የቴስተሩ መብራት ቦግ አለ።

«የመሬት ሽቦ የለውም» አለ ቶክ ፓምፑን እያስጠፋ። «ይገድላል።»

«ገድሏልም» አለች ኛቹዎል። «ያዕቆብ በባዶ እግሩ ዞሮ ሊታጠብ ቧንቧውን ያዘ። መዳፉ የተቃጠለው ለዚህ ነው። ይሄ ፓምፕ የሚሠራው ከሰዓት በኋላ ብቻ ስለነበረ፣ ማለዳ ቧንቧው አይነዝርም፤ ዛሬ ግን አንድ ሰው በማለዳ አበራው። ሰው ሲወድቅ አይቶም አጠፋው፤ ሜዳው ግማሹ ደረቅ የቀረው ስለዚህ ነው። ማብሪያው ቢሮ ውስጥ ነው። የቢሮው ቁልፍ ማን ጋ ነው?»

ሁሉም ወደ አንድ ኪስ ተመለከቱ።

«ሬሳውን ወደ መልበሻ ክፍል የወሰደው ሰው ጭቃ የነካው እግሩ ሜዳ ላይ መሞቱን እንዳያሳብቅ ጫማ አደረገለት። እማማ ሙሉ ቢሆኑ፣ ዕዝራ ቢሆን፣ ኩን ቢሆን ይህን አያደርጉም። ያዕቆብ ያንን ጫማ እንደማያደርግ ሁሉም ያውቃሉ። ከክለቡ ሰዎች የማያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው።»

«ሞቶ ነው ያገኘሁት!» ብለው ጮኹ አቶ ደሞዝ። «ሜዳው አምሮ እንዲቆይ ነው ያበራሁት፤ ስፖንሰሮች ሊመጡ ነበር! በፓምፑ ሞተ ቢባል ማን ይቀበለኛል?»

«ማክሰኞ ነግሬዎታለሁ» አለ ኩን፤ ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም። «ቧንቧው ይነዝራል፣ ሠራተኛ ይምጣ አልኩ። ‹ተቀያሪ ሊያስተምረኝ?› አሉኝ።»

ጣቢያው ያለው ካቴና አንድ ነው። ከኩን እጅ ተፈትቶ አቶ ደሞዝ እጅ ላይ ገባ።

«ለዚህ ክለብ ያላወጣሁት ምን አለ?» አሉ ካቴናውን እያዩ። «ምን አለ?!»

«አንድ ማለዳ» አሉ እማማ ሙሉ። «ከዛሬ በፊት አንድ ማለዳ መጥተው ቢያዩት ኖሮ፣ ያዕቆብ አይሞትም ነበር።»

መኪናው ሄደ። ኩን ካቴናው የበላውን የእጁን አንጓ እያሻሸ ቆመ።

«እሁድ ጨዋታ አለ» አለ። «ማን ያሰልፈናል?»

ዕዝራ ወደ እማማ ሙሉ ዞረ፤ እማማ ሙሉ ወደ መሬት። ኩን ጫማውን አውልቆ ጠጠር ሊለቅም ወደ ሜዳው ገባ።