የተረከዝ ምልክት

ሴቨሪን፣ ልጅቷ ወደ እሱ የምትሮጠው ፊርማ ፈልጋ መሰለው።

በዛሌሼ ከተማ የውድድር ሞተር ብስክሌት የሚነዳ ወጣት ሁሉ እንደዚያ ነበር የሚያስበው። ቅዳሜ ጠዋት ነው። የክለቡን ጃኬት ደርቦ፣ በባዶው ስታዲየም ሁለተኛው ኩርባ ላይ ቆሞ ቀዩን አፈር በጫማው ጫፍ ይቆፍራል። ፀጉሯን በሻሽ ያሰረች ልጅ የመሃሉን ሣር አቋርጣ ስትመጣ ሲያይ ከኪሱ እስክሪብቶ አወጣና ፈገግ ብሎ ጠበቃት።

«ለማን ብዬ ልፈርም?»

ልጅቷ፣ ቦግና፣ መጀመሪያ እስክሪብቶውን፣ ቀጥላ ጫማውን አየች።

«ለአፈሩ» አለችው። «አሁን አጠጥተን መጨረሳችን ነው። አንተ ደግሞ እንደ ላም ቦጨቅከው። ውጣልኝ።»

ድምጿ ዝቅ ያለ ነበር፤ ስትቆጣ እንኳ ከፍ አይልም። ሴቨሪን እስከ ጆሮው ቀላ። በእግሩ ጣቶች እየረገጠ ለመውጣት ሞከረ፤ ይህ ደግሞ የባሰ ጉድጓድ ተወ። ቦግና ሳቋን ለመደበቅ ፊቷን ወደ ትራክተሩ አዞረች።

ትራክተሩ ላይ የተቀመጠው አባቷ ኢግናጺ ነበር። እሷ ከመወለዷ በፊት ጀምሮ ያንን የመወዳደሪያ መም የሚያዘጋጀው እሱ ነው። አራት ሰዎች ፍሬን በሌለው ሞተር አራት ዙር ወደ ግራ ብቻ ይዞራሉ፤ ሁሉም ነገር ከአንድ ደቂቃ ትንሽ ባለፈ ጊዜ ያልቃል። ጎማው የት እንደሚይዝና የት እንደሚንሸራተት የሚወስነው ግን አፈሩ ነው፤ አፈሩን ደግሞ የሚያዘው ኢግናጺ። እናቷ ከሞተች ወዲህ ቦግና ባለ ጥርሱን የአፈር ማበጠሪያ ይዛ ከትራክተሩ ኋላ ትሄዳለች፤ እሱ የጎተተውን እሷ ታለሰልሳለች።

ሴቨሪን ከደቡቡ የድንጋይ ከሰል አገር የመጣ ልጅ ነበር። ሌሎቹ በሣሩ ጠርዝ ያለውን አጭሩን መንገድ ሲሻሙ እሱ ወደ ውጪ፣ አጥሩን ሊነካ እስኪደርስ ይወጣል። ጎማዎች ሲበትኑት የዋሉት አፈር እዚያ ይከመራል፤ የኋላ ጎማው እሱን ሲነክስ ሞተሩ ወደ ፊት ይወነጨፋል። እሱ ወደ አጥሩ ሲወጣ ሕዝቡ ከመቀመጫው ይነሣል። ሰው የማያመሰግነው ኢግናጺ እንኳ አንድ እሑድ «ይሄ ልጅ አፈር ያውቃል» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ ውጪ ትንሽ አፈር አብዝቶ ይተው ጀመር።

የተረከዙን ነገር ያስተማረችው ቦግና ናት።

«በተረከዝህ ምታው» አለችው፣ አንድ ሰኞ መሙ ላይ ብቻቸውን ሲሄዱ። «የምልክቱ ዳር ቀጥ ብሎ ከቆመ አፈሩ ይይዛል። ከፈረሰ ደርቋል። ካልሰመጠልህ ደግሞ ከሥር ድንጋይ ነው፤ ሽሽ።»

«እሑድ ዕለት የት እንደሚይዝ ትነግሪኛለሽ?»

«ሰው ፊት? በሕይወቴ አላደርገውም።»

«እና እንዴት ልወቅ?»

በሚቀጥለው እሑድ ግን፣ ተወዳዳሪዎቹ እንደ ልማዳቸው ከውድድሩ በፊት መሙን በእግራቸው ሲያዩ፣ ሴቨሪን አጥሩ ሥር ጎን ለጎን የተመቱ ሦስት ትናንሽ የተረከዝ ምልክቶች አገኘ። በዚያ በኩል ወጥቶ አሸነፈ። በምስጋና ዙሩ ላይ ትራክተሩ አጠገብ ሲደርስ ኩርባ ላይ መሬቱን ለመደገፍ የብረት ጫማ ያጠለቀ ግራ እግሩን ትንሽ ከፍ አደረገ። ለማን እንደሆነ ከአንዲት ልጅ በቀር ያወቀ አልነበረም።

በነሐሴ የቃል ኪዳን ቀለበት ሰጣት። አፈር እንዳይበላው በክር አድርጋ አንገቷ ላይ አንጠለጠለችው።

በመጸው ግን ክለቡ ስመ ጥር የሆነ ዴንማርካዊ አስፈረመና ሴቨሪንን ለመጪው ዓመት በተጠባባቂነት ጻፈው። ወንዙን ተከትሎ የሚገኘው የቦርኮቮ ከተማ ክለብ የዋና ተወዳዳሪ ቦታ ከፈተለት። ስዊድን ሄዶ ቢሆን ዛሌሼ በአበባ ትሸኘው ነበር። ቦርኮቮ ግን ቦርኮቮ ነው፤ የሁለቱን ከተሞች ጠብ ማን እንደጀመረው የሚያስታውስ የለም፣ የሚተወውም የለም።

በታኅሣሥ፣ በእነቦግና ወጥ ቤት ቆሞ፣ ኮፍያውን በእጁ እያዞረ ነገራት።

«አብረን እንሂድ» አለ።

«አባዬስ?»

«አባትሽ እኮ ከመሙ ጋር ነው የተጋባው።»

«ለዚህ ነው ብቻውን የማልተወው።»

«በቃ፣ እሺ በይኝ ወይ እምቢ በይኝ።»

ቦግና የምትለው ብዙ ነበራት። አንድ ዓመት ታገሰኝ፣ አባዬ እስኪለምደው ነው፣ እወድሃለሁ። ሁሉም ጉሮሮዋ ላይ ተደርድሮ ቆመና አንዱም ሳይወጣ ቀረ። ሴቨሪን ዝምታዋን እንደ እምቢታ ቆጠረው። ኮፍያውን አድርጎ ወጣ። መጀመሪያ ላይ ይደውል ነበር፤ ከዚያ ጥሪው እየተራራቀ ሄደ። ቀለበቱን ግን አልጠየቃትም፤ እሷም ከአንገቷ አላወረደችውም።

ቦርኮቮ ለውድድር ወደ ዛሌሼ የሚመጣው በግንቦት ነበር። በዋዜማው ኢግናጺ ትራክተሩን ወደ ሁለተኛው ኩርባ ነዳው፤ የአጥሩን ሥር አፈር እስከ ደረቁ መሠረት ድረስ ጠርጎ ወደ ውስጥ ገፋው። ከዚያ ስስ አፈር በተነበትና ለቦግና በእጁ ምልክት ሰጣት፤ አለስልሺው።

ቦግና ማበጠሪያውን እንደያዘች ቆመች።

«አባዬ፣ ይሄ ሴቨሪንን ይጥለዋል።»

«አይጥለውም። ያዘገየዋል። ሦስተኛ ይወጣና ይማራል።»

«በምን ፍጥነት እንደሚወጣ ታውቃለህ።»

«እኔ የማውቀው ጥሎን መሄዱን ነው። አንቺንም ጭምር» አለ ኢግናጺ። ከዚያ ድምፁን ቀዝቀዝ አድርጎ፣ «ልጄ፣ ደክሞኛል። አለስልሺው።»

አለሰለሰችው። ሲያልቅ ያው የዱሮው ይመስል ነበር።

በማግስቱ ማንም ሳይመጣ ገብታ ተረከዟን ሦስት ጊዜ መታች፤ አሁን ግን በውስጠኛው በኩል፣ በሣሩ ጠርዝ።

ሴቨሪን ምልክቱን አየው። የቦርኮቮ አሠልጣኝ ከሆነው ከወፍራሙ ቫልደማር ጋር ኩርባው ላይ ሲደርስ ቆመ፣ አጎነበሰ፣ ቀና ብሎም በዓይኑ ፈለጋት። ሕዝቡ ከወዲሁ ያፏጫል። ቦግና ማበጠሪያዋን ትራክተሩ ላይ አስደገፈችና፣ ከተማው ሁሉ እያያት፣ ወደ እሱ ሄደች።

«ውጪውን ተወው» አለችው።

ቫልደማር ሆዱን ይዞ ሳቀ። «አላልኩህም? ልጅቷን ይልኩብሃል አላልኩህም? ውጪውን ከፈሩልህ ጥሩው አፈር እዚያ አለ ማለት ነው።»

«አባትሽ ነው የላከሽ?» አለ ሴቨሪን።

«ማንም አልላከኝም። ተረከዝህን መትተህ እየው።»

ከመቀመጫዎቹ አንዱ «ቦግና፣ ከከሃዲ ጋር ምን ያወያይሻል? ወይስ ለቦርኮቮ ልትነጂ ነው?» ብሎ ጮኸ፤ ሳቁ እንደ ጠጠር ወረደባቸው። ቦግና ፊቷ ጋለ፤ ግን ከቦታዋ አልተነቃነቀችም።

ሴቨሪን እግሩን አነሣ አደረገ። ከዚያ መልሶ አወረደው።

«ታኅሣሥ ላይ አንድ ቃል ለመንኩሽ፣ አጣሁ» አላት። «ዛሬ ለክለብሽ ሲሆን አፍ አወጣሽ። የተረከዙ ነገር ባለፈው ዓመት ቀርቷል፣ ቦግና።»

ጥሏት ሄደ።

በመጀመሪያው ውድድር፣ የመነሻው ገመድ ወደ ላይ ሲወረወር፣ ሦስተኛ ሆኖ ወጣ። አንደኛውን ዙር በመሃል ነዳ። በሁለተኛው ዙር፣ ሁለተኛው ኩርባ ላይ፣ ትከሻውን ዘንበል አድርጎ ሞተሩን ወደ አጥሩ ለቀቀው። ይህን ትከሻ ቦግና በሺህ ሰው መካከል ታውቀዋለች። የኋላ ጎማው የሚነክሰው አፈር ፈልጎ አጣ። ሞተሩ በረዶ ላይ እንዳለ ሁሉ በጎኑ ሄደ፤ የአጥሩ ሳንቃ ሲሰበር የተሰማው ድምፅ ከሞተሮቹ ሁሉ በለጠ።

ፉጨቱ ቆመ። ኢግናጺ ኮፍያውን አወለቀ፤ የት እንደሚያደርገው የጠፋው ይመስል በሁለት እጁ ያዘው።

ቦግና ፖዝናን ከተማ ያለው ሆስፒታል ስትገባ ሴቨሪን ተንጋልሎ ጣራውን ያያል። ዳሌው ተሰብሯል፣ ቀኝ እጁ ታስሯል። ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«አልመታሁትም» አለ፣ ሳያያት።

«አውቃለሁ።»

«አንዴ በተረከዜ ነካ ባደርገው ይበቃ ነበር።»

«ያለሰለስኩት እኔ ነኝ፣ ሴቨሪን። አባዬ ጠረገው፣ እኔ ሸፈንኩት።»

«ነግረሽኛል እኮ። ሰው ሁሉ ፊት መጥተሽ ነገርሽኝ። አንቺ።» ትንሽ ፈገግ ለማለት ሞከረና አመመው። «ዱሮ ድምፅሽ አይሰማም እያልኩ እቀልድብሽ ነበር። የዚያን ቀን ግን እያንዳንዷን ቃል ሰምቻታለሁ። ችግሩ እሱ ነው።»

«ይለፍ። ተርፈሃል። እጠብቅሃለሁ።»

«አትጠብቂኝ።»

«ለምን?»

«አንቺን ባየሁ ቁጥር የማየው እግሬን አንሥቼ መልሼ ያወረድኩበትን ሰዓት ነው። ፊትሽን እያየሁ አላመንኩሽም። አንቺ ትረሺልኝ ይሆናል፤ እኔ ግን አልረሳውም። እንደዚህ ያለ ሰው ደግሞ ባል አይሆንም፤ በየቀኑ ይቅርታ ሲጠይቅ ይኖራል እንጂ።»

ቦግና በዚህ ጊዜ ዝም አላለችም። የታኅሣሡን ሁሉ ነገረችው፤ አንድ ዓመት ታገሰኝ ልትለው እንደነበር፣ እንደምትወደው፣ አሁንም። ሴቨሪን ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጣት። እንባው በጆሮው በኩል ወደ ትራሱ ወረደ። ሐሳቡን ግን አልለወጠም። ስትነሣ ክሩን ከአንገቷ ፈትታ ቀለበቱን ደህናው እጁ ውስጥ አስቀመጠችለት፤ ጣቶቹን ያጠፈችለት እሷ ናት።

ኢግናጺ ትራክተሩ ላይ ዳግመኛ አልወጣም። ቁልፉን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ትቶላት እሑድ እሑድ እቤት ይውል ጀመር። መሙ የቦግና ሆነ። የመጀመሪያ ሥራዋ የሁለተኛውን ኩርባ አፈር ወደ አጥሩ መመለስ ነበር።

በሚቀጥለው ግንቦት ቦርኮቮ መጣ። ሴቨሪን ትንሽ እያነከሰ ከጓዶቹ ጋር መሙን ለማየት ገባ። አጥሩ ሥር፣ በወፍራሙ ጥሩ አፈር ላይ፣ ሦስት የተረከዝ ምልክቶች ነበሩ። ቆሞ አያቸው። ከዚያ እግሩን አነሣና አጠገባቸው አንድ ጊዜ መታ። ዳሩ ቀጥ ብሎ ቆመ።

ቦግና ከትራክተሩ ላይ ሆና አየችው።

ውድድሩ ተጀመረ። ሴቨሪን አራቱንም ዙር በሣሩ ጠርዝ፣ በውስጠኛው መንገድ ነዳ፤ ምልክቷን ቢያምንም፣ እንዳለው ያንን ሰዓት አልረሳምና ወደ አጥሩ አንድም ጊዜ አልወጣም። ሦስተኛ ሆኖ ጨረሰ። ሞተሮቹ ከወጡ በኋላ ቦግና ማበጠሪያውን ይዛ ወረደች፤ አራቱን ምልክቶች አለሰለሰችና መሙን ለቀጣዩ ውድድር አዘጋጀች።