ወንዝ ማዶ ውሃ ፍለጋ

ሰውዬው ዘግይቷል።

የወይንሐረግ ከሲልቨር ስፕሪንግ ወንዝ ማዶ ባለችው አሌክሳንድሪያ፣ ወንዙ ዳር፣ ከጀልባ ማቆሚያው ፊት ለፊት ተቀምጣ እንደ ማንኛውም ጎብኚ አይስክሬም ትልሳለች። ለዛሬ ስሟ ሰሊና ነው። ለስለላ መሥሪያ ቤቷ ደግሞ «ጅግራ» ናት። እናቷ ባወጣችላት ስም የሚጠራት ሰው ካገኘች ሰነባብታለች።

ኪሷ ውስጥ ሚሞሪ ካርድ አለ። ዋናውን ካርድ የያዘው ተላላኪ ጧት ግሪንቤልት ላይ በመሥሪያ ቤቷ ሰዎች ተይዟል። ምስኪን፣ ካርዱን ከመናፈሻ ወንበር ሥር አነሳ እንጂ ማን እንዳስቀመጠው አያውቅም። ካርዱ ላይ የነበረው አንድ ስም ነው፦ ትርሲት። ትርሲት የኖርዌዩ መሣሪያ ደላላ የሆልም ሒሳብ ሠራተኛ ናት። ኖርዌይኛ የማትሰማ መስላ ሁሉን እየሰማች ለእነ የወይንሐረግ ታቀብላለች። ስሟ ሆልም እጅ ከገባ አለቀላት።

ስለዚህ በአዲስ ካርድ ላይ የሌለ ሰው ስም ተጫነ፤ የወይንሐረግም በተላላኪው ቦታ መጣች። ስሙን ለሆልም የሸጠው ግን ማነው? ከራሳቸው መካከል መሆኑን ብቻ ያውቃሉ። «መጋረጃ» ብለውታል። እሱ ካልተያዘ፣ ዛሬ የተቀየረው ስም ነገ በሌላ እጅ ሆልም ዘንድ ይደርሳል።

አምና ማቲያስን የሸጠውም እሱ ነው። የሥራ ጓደኛዋን ኖርዌይ ውስጥ በርገን ላይ ከባሕር አወጡት። ከዚያ ወዲህ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ የማቲያስን አረማመድ ታያለች። አሁንም ከጀልባው ሲወርድ አየችው። ዞር ሲል ሌላ ሰው ነው። ሁልጊዜም ሌላ ሰው ነው።

ሆልም መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ። ሽበታም፣ ድምፁ ለስላሳ ሰው ነው። ሁለት ጠባቂዎቹ ከኋላ አጥሩን ተደግፈው ቆሙ።

«የምጠብቀው ሌላ ሰው ነበር» አለ በእንግሊዝኛ።

«ታመመ።»

ካርዱን ተቀብሎ ኪሱ ከተተ። ከዚያ ድንገት ወደ ኖርዌይኛ ዞረ። «የላከሽ ሰው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እኔም ጧት እዚያው ነበርኩ። ታዲያ እዚህ ድረስ ምን አስለፋን?»

ፈተና ነበር። የወይንሐረግ ሳታመነታ በኖርዌይኛ መለሰች።

«ጅረት ተሻግሮ ውሃ ፍለጋ ነዋ። ያውም እንስራ ተሸክሞ።»

ሆልም ደርቆ ቀረ።

የአንዱ ጠባቂ እጅ ኮቱ ውስጥ ገባ።

ከዚያ ሆልም ሳቀ። «እንግዲያው የእውነት የሱ ነሽ» አላት። «እኛ ጅረቱንና ውሃውን ብቻ ነው የምንለው። እንስራ ሲጨምርበት የሰማሁት አንድ ሰው ብቻ ነው።»

አይስክሬሙ እጇ ላይ ቀለጠ። ፈገግ አለች፤ ሥራዋ ነውና።

ጋሼ ዓምደሚካኤል።

ኦስሎ ኖረው የመጡ አዛውንት ናቸው። መሥሪያ ቤቱ ሰዎቹን ኖርዌይኛ ያስተማረው በሳቸው ሳሎን ነው። እንደዚያ አገር ልማድ በር ላይ ጫማ ያስወልቃሉ፤ ለየተማሪው በእጃቸው የሠሩትን የሱፍ ካልሲ ያቀርባሉ። አንድ ቀን «ኦ ጎ ኦቨር ቤከን ኤተር ቫን» አሉ፤ ጅረት ተሻግሮ ውሃ ፍለጋ። ደጅህ ያለውን ትተህ ሩቅ ሄደህ በከንቱ መልፋት ማለት ነው። ሙት ወቃሽ አያድርገንና ማቲያስ ሰነፍ ተማሪ ነበር፤ የኛው «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» አይደል ወይ ብሎ ተከራከረ። ጋሼም ያ የተጠማ ነው፣ ይሄኛው የሚለፋ ነው አሉትና እንስራውን ከራሳቸው ጨመሩበት። ሐበሻ የሰው ተረት ሲያገኝ ቅመም ሳያክልበት አያልፍም። ጋሼ፣ ማቲያስና የወይንሐረግ ሦስቱም ሳቁ።

ትርሲትም እዚያው ሶፋ ላይ ነው የተማረችው። መሥሪያ ቤቱ ኦስሎ ድረስ ሰው ልኮ ከሃዲ ፈለገ። የቋንቋ አስተማሪን ማን ይጠረጥራል? የወይንሐረግ በልቧ እንኳ «አንተ» ልትላቸው አልቻለችም፤ ይህም አናደዳት።

የሆልም ስልክ ጠራ።

«ልጅህ እዚህ ናት፤ እንስራህንም ይዛ መጥታለች» አለ በኖርዌይኛ። ጥቂት አዳመጠ። ፊቱ ጠቆረ። «ልጅ አልላክሁም ይላል» ብሎ ስልኩን በስፒከር ዘረጋላት።

ጠባቂዎቹ ከአጥሩ ተነሱ።

«ጋሼ፣ እኔ ነኝ» አለች በአማርኛ።

ከሳቸው አንድ ቃል ይበቃል፤ ሬሳዋ ማታውኑ ወንዝ ውስጥ ነው።

«አዎ» አሉ ጋሼ በኖርዌይኛ፣ ለሆልም። «የኔ ናት። ረስቼው ነው።» ከዚያ በአማርኛ፣ ለሷ፦ «ቤት ነኝ። በሩ ክፍት ነው።»

«ምን አለሽ?» አለ ሆልም።

«ድልድዩ ላይ ተጠንቅቀሽ ንጂ ነው የሚለኝ።»

ሆልም አምኖ ከለቀቃት በኋላ ወንዙን ተሻግራ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ስትነዳ፣ አለቃዋ ከበቡሽ ደጋግማ ደወለች። መጋረጃ ማነው? የወይንሐረግ ስደርስ ኮል አደርግልሻለሁ ብላ ዘጋችባት።

በሩ ላይ ጫማዋን አወለቀች። ለምን እንዳወለቀች እሷም አታውቅም። ከመደርደሪያው ካልሲዋን አነሳች። ከጎኑ የማቲያስ ካልሲ ታጥቦ፣ ተጣጥፎ ተቀምጧል።

ጋሼ ሶፋው ላይ ናቸው።

«ማቲያስንም እርስዎ ነዎት?»

«እሱንም።» አልቅሰው የጨረሱ ይመስላሉ። የሆልም ሰዎች በርገን ያለችውን ልጃቸውን፣ የልጅ ልጆቻቸውንም ትምህርት ቤት በር ላይ ፎቶ አንስተው እንደላኩላቸው ነገሯት። «ካልሲውን መጣል አቃተኝ፣ የኔ ልጅ። ያንቺ ካልሲ ለብቻው አይቀመጥ አልኩ።»

ልትጠላቸው ፈለገች። ማቲያስ ከኋላዋ የቆመ መሰላት፤ ዞራ አላየችም። ስልኳን አውጥታ ከበቡሽ ጋ ደወለች።

«መጋረጃን አግኝቼዋለሁ። መጀመሪያ በርገን ያሉ አንዲት እናትና ልጆቿን አውጡ። ስሙን ከዚያ በኋላ ነው የምነግርሽ።»

«ጅግራ፣ ይሄ ሥራሽን ያሳጣሻል።»

«ያሳጣኝ።»

ልጆቹ መውጣታቸው እስኪነገራት ድረስ ሁለቱ ሶፋው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ትርሲትም አሌክሳንድሪያ አቅራቢያ በርክ ካለው ቤቷ በሰላም ወጣች። ያኔ የወይንሐረግ ስማቸውን ተናገረች። ሊወስዷቸው ሲመጡ ጎንበስ ብላ የጫማቸውን ክር ያሰረችላቸው እሷ ነች። ዳግመኛ አላየቻቸውም።

አሁን ጀርመንታውን ውስጥ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። ደረቷ ላይ የተንጠለጠለው ስም ሌላ ነው። አንድ ቀን አንዲት ፈረንጅ እናት፣ አፍንጫው ሥር ያለውን ማስቲካ ትቶ መደርደሪያውን ሁሉ ለሚዞር ልጇ ሳቅ ብላ ያንን ተረት ተረተችበት። ጅረቱን። ውሃውን።

«ምን ቋንቋ ነው እሱ?» አለቻት ያኔት፣ አብራት የምትሠራው ልጅ።

«እንጃ፣ አላውቀውም» አለች።

እንስራውን ግን በልቧ ጨመረችበት።