ሃያ አንድ ኢንች

መምህር ዮፍታሔ ደሴ ውስጥ፣ ሮቢት በሚባለው ሰፈር፣ ከወላጆቹ በቀረለት ቤት ብቻውን ይኖር ነበር። ጠዋት ጂኦግራፊ ያስተምራል፤ ምሳውን ከመምህራን ክበብ ርቆ፣ ተማሪዎች በወጡበት ባዶ ክፍል ውስጥ ይበላል፤ ከሰዓት በኋላ ቤቱ ገብቶ በሩን ይዘጋል። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የሚጠላውም አልነበረም። ብቻ አርባን ካለፈ ወዲህ ስሙን የሚጠራው ሰው እያነሰ፣ እያነሰ ሄዶ፣ በመጨረሻ ኮምቦልቻ የምትኖረው ታላቅ እህቱ መዓዛ ብቻ ቀረች። እሷም በሳምንት አንዴ ደውላ እሁድ እንዲመጣ ትለምነዋለች፤ እሱም እሺ ይላትና ይቀራል።

በየካቲት፣ የበልጉ ጭጋግ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ከቤቱ ጣሪያ ላይ በተኛበት ሰሞን፣ የእናቱን ቁም ሣጥን ሲያራግፍ ከታች በፌስታል የተጠቀለለ ባለ ካሴት ቲቪ ጌም አገኘ። ልጆች ሳሉ አባታቸው ያመጣላቸው ነው። ሁለት ትንንሽ ሰዎች፣ አንዱ ቀይ፣ አንዱ አረንጓዴ፣ ጉድጓድ እየዘለሉ ወደ ቀኝ የሚሮጡበት ጨዋታ ነበረው። ቀዩ የእሱ፣ አረንጓዴው የመዓዛ ነበር። ዮፍታሔ ጆይስቲኩን ሲይዘው አውራ ጣቱ ቦታውን ሳይፈልግ አገኘው፤ ደረቱም ውስጥ ከብዙ ዓመት በኋላ አንድ ነገር ሞቅ አለው።

ሳሎኑ ካለው ቀጭን ቴሌቪዥን ጋር አገናኘው፤ ግን አልሆነም። ሥዕሉ ተለጥጦ ደብዝዟል፤ ከሁሉም በላይ፣ ዝለል ብሎ ቁልፉን ሲጫን ሰውዬው ትንሽ ቆይቶ ነው የሚዘለው፤ እስኪዘልም ጉድጓድ ገብቷል። ፒያሳ ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሚጠግኑትን ጋሽ እንድሪስን ሄዶ ጠየቃቸው። እሳቸውም አዲሶቹ ቴሌቪዥኖች የመጣላቸውን ሥዕል አስበው፣ አስተካክለው ነው የሚያወጡት፣ ለዚህ ነው የሚዘገዩት አሉት። የድሮዎቹ፣ ጀርባቸው የተነፋው፣ አያስቡም፤ የመጣውን በመጣበት ቅጽበት ያሳያሉ። ጀርባው ላይ የጌሙ ገመድ የሚሰካበት ቢጫና ነጭ ቀዳዳ ያለው፣ ሃያ አንድ ኢንች የሚሆን፣ የሥዕል ቱቦው ያልደከመ እንዲፈልግ መከሩት። ግን የት ይገኛል? አብዛኛው ለመዳቡ ሲባል ተሰባብሮ አልቋል።

ሦስት ሳምንት ፈለገ። ሸዋ በር ያገኘው አንዱ ቀለሙ ሁሉ አረንጓዴ ሆኖ ወጣ፤ ሌላው ሲበራ አንዴ ብቻ ጮሆ ዝም አለ። በመጨረሻ ጋሽ እንድሪስ እንዲህ ያለ ቴሌቪዥን ወዳላቸው ወደ ወይዘሮ የሺመቤት ቤት ላኩት።

ሴትዮዋ በሩን የከፈቱለት አንኳኩቶ ሳይጨርስ ነው። ቴሌቪዥኑ ጓዳ ውስጥ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ፣ ልክ እንደተቀጣ ሰው ተቀምጧል። ባለቤታቸው ለቅሶ ለመድረስ መውጣታቸውን፣ ሳይመለሱ ቶሎ ቢወስደው ደስ እንደሚላቸው ነገሩት። ሲያነሳው ከክብደቱ ይልቅ ሙቀቱ አስገረመው፤ ሶኬቱ ተነቅሏል፣ ጓዳውም ብርድ ነበር።

በሩ ላይ ሲደርስ ክንዱን ያዙት። «ባለቤቴ ከዚህ ፊት ዓመታት ተቀመጠ» አሉት ቀስ ብለው። «ከሰው አይገናኝ፣ አይናገር። አንድ ቀን ተነሥቶ ወጣ። አሁን እድር የሚሰበስበው እሱ ነው፤ የተጣላ የሚያስታርቀው እሱ ነው። የማይወደው የለም።»

ዮፍታሔ እግዚአብሔር ይመስገን አለ።

«እኔ ግን አላውቀውም» አሉት።

ያንን ንግግር የእርጅና አድርጎ ወሰደው።

ቴሌቪዥኑ ሲበራ ከሩቅ እንደሚሰማ የፉጨት ድምፅ ያለ ቀጭን ጩኸት ይለቅና፣ ከዚያ የጋለ አቧራ ሽታ ክፍሉን ይሞላል፤ እጁን ወደ መስታወቱ ሲያስጠጋ የክንዱ ፀጉር ይቆማል። ሥዕሉ ግን የልጅነቱ ሥዕል ነበር። ቀዩ ሰውዬ የዮፍታሔ ጣት ከቁልፉ ሳይነሳ ዘለለ። ዮፍታሔ ብቻውን ክፍሉ ውስጥ ሳቀ፤ ሳቁም ባዶ ቤት ውስጥ እንግዳ ሆኖ ተሰማው።

በአምስተኛው ቀን አረንጓዴው ሰውዬ ተንቀሳቀሰ። ሁለተኛው ጆይስቲክ ገመዱ ተጠቅልሎ መሳቢያ ውስጥ ነበር። አረንጓዴው ሁለት እርምጃ ሄደ፣ ቆመ፣ ዞሮ የሚጠብቀው መሰለ። ዮፍታሔ የዕቃው ማርጀት ነው ብሎ አሰበ፤ ቢሆንም ተከተለው። አብረው ዘለሉ። እሱ ሲወድቅ ያኛው ይቆምለታል፤ ጠባብ መንገድ ላይ ቀድሞ ያሳልፈዋል። ከሳምንት በኋላ ክፍል ውስጥ ሲያስተምር ቆይቶ ሰዓቱን የሚያየው ለዚሁ ብሎ ነበር። የሚጠብቀው አለ። ለእሱ ይህን ማሰብ ብቻ እንኳን ደስ ያሰኘው ነበር፤ እየተጫወተም ስለ ቀኑ፣ ስለ ተማሪዎቹ፣ ከሞቱት እናቱ ጋር ስለነበረው ነገር ሁሉ ይነግረው ጀመር። ምን ይወዳል፣ ማን ይወደዋል፣ መዓዛ ለምን ትቆጣዋለች፤ ሁሉንም። አረንጓዴው ቆሞ ይሰማል።

ከዚያ ዝም ብሎ የሚቆምባቸው ቀናት መጡ። ጉድጓድ አፋፍ ላይ፣ እጁን አንጠልጥሎ፣ ውስጡ ሰው እንደሌለው ልብስ ይቆማል። አረንጓዴው እስኪነቃ ድረስ ዮፍታሔ ብቻውን ይጫወታል። መስኮቱ ላይ ጭጋጉ ነጭ ይሆናል፣ ግራጫ ይሆናል፣ እንደገና ነጭ ይሆናል፤ እሱ አይርበውም፣ አይጠማውም፤ አረንጓዴው ድንገት ነቅቶ ሲራመድ ብቻ ልቡ ታርፋለች። አንድ ጊዜ ቀና ሲል ስልኩ ረቡዕ ይላል። የተቀመጠው ሰኞ ነበር።

ደንግጦ ትምህርት ቤት ሮጠ። ርዕሰ መምህሩን ይቅርታ ሊጠይቅ ሲጀምር እሳቸው ግራ ገባቸው። ትናንት አስተምረሃል አሉት፤ ጥሩ አድርገህ አስተምረሃል። ምሳም ክበብ ገብተህ ከእኛ ጋር በላህ፤ እንዲህ ተጫዋች መሆንህን ሳናውቅ ስንት ዓመት አለፈ ብለው ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። በኮሪደሩ ሲያልፍ ተማሪዎች በስሙ ጠርተው ሰላም አሉት። ማንም እንዲህ ጠርቶት አያውቅም። ከኋላው ሌላ ሰው ይኖር እንደሆነ ዞር ብሎ አየ።

እኩለ ቀን ላይ ቤቱ ገባ። ቴሌቪዥኑ በርቷል። እንዳበራው ትዝ አይለውም። ቆሞ ለመዓዛ ደወለላት፤ አሞኛል፣ መጥተሽ ውሰጂኝ ሊላት ነበር።

እሷ ቀደመችው። እሁድ ከመጣህ ወዲህ ልጆቼ መቼ ይመለሳል እያሉ አስቸገሩኝ አለችው፤ የቀረውን ዘመን ሁሉ በአንድ ቀን እንደካሰላት ነገረችው። ስታወራ ታለቅስም ትስቅም ነበር።

«መዓዛ፣ እኔ እሁድ አልመጣሁም።»

«መናኸሪያው ጫጫታ ነው፣ አይሰማም ዮፍቴ» አለችው። «ደሴ ደርሻለሁ፤ ከመኪና ወርጄ ያልከኝ ቦታ ቆሜያለሁ። በቃ፣ በቃ፣ መጣህ፤ አየሁህ።»

ስልኩ ተዘጋ።

ዮፍታሔ ቀስ ብሎ ወደ ቴሌቪዥኑ ዞረ። ቀዩ ሰውዬ ብቻውን ቆሟል። አረንጓዴው የለም። ሶኬቱን ሊነቅል ከኋላ እጁን ሰደደ፤ እጁ ግን እንደ መስታወት ለስላሳና ሞቃት ነገር ነክቶ ቆመ። ወደ በሩ ሄደ፤ በሩ ይታየዋል፣ መዳፉ ግን ሳይደርስበት በፊት ያው ለስላሳ ነገር አገኘው። በግራ ዳሰሰ፣ በቀኝ ዳሰሰ። ያ ቀጭን ጩኸት ከአንድ አቅጣጫ መምጣቱን ትቶ በዙሪያው ሆነ፤ የጋለው አቧራ ሽታ ከገዛ ልብሱ ወጣ።

የግቢው በር ሲከፈት ሰማ። ሁለት ሰዎች እየተሳሳቁ ገቡ፤ አንዱ ሳቅ የመዓዛ ነው፤ ሌላውን ለማወቅ ጥቂት ጊዜ ወሰደበት፤ የራሱ ነበር። ስሟን ጠራ። ድምፁ አልወጣም። እጆቹን እያወናጨፈ ዘለለ፣ ደግሞ ዘለለ።

እህቱ ነጠላዋን አስተካክላ ጎንበስ አለች፤ ፊቷም እየቀረበ፣ እየቀረበ መጥቶ ሰማዩን ሁሉ ሸፈነው።

«ይሄን የልጅነታችንን ጌም አሁንም አልጣልከውም?» አለች። «እየው፣ ማንም ሳይነካው ብቻውን ይዘላል።»

ከኋላዋ የቆመው ሰው ኮቱን አውልቆ፣ የዮፍታሔ ወንበር ላይ ሰቀለው።

«ሲደክመው ይተዋል» አለ፤ መዓዛም ፈገግ እንዳለች ጣቷን ዘርግታ ማጥፊያውን ተጫነች።