በክረምት የሚያለቅስ ሜዳ

ብሩክታይትንና ያለው የሚባለውን ልጅ ያገናኛቸው የሁለት መንገዶች መተላለፍ ነው።

ቢቸናንና ሞጣን የሚለየው ተራራ ፓርክ ሆኖ ሲከለል፣ በእግር ለሚወጡ ጎብኚዎች መንገድ ይጠረግ ተባለ። አንዱ ቡድን ከቢቸና በኩል፣ ሌላው ከሞጣ በኩል እየጠረገ ወጥቶ አናቱ ላይ ሊጋጠሙ ነበር። ወሩ ሐምሌ ነበርና ጉሙ ሁሉንም አሳታቸው። የቢቸናዎቹ ከአስታው ጫካ በላይ ብቅ ሲሉ፣ የሞጣዎቹ መንገድ ከሜዳው ማዶ በረጃጅሞቹ የጅብራ ተክሎች መካከል ወደማይሆን አቅጣጫ ሲሄድ አዩት።

«እናንተ ናችሁ ያጣመማችሁት!» ብላ ጮኸች የቢቸናዋ አስጎብኚ ብሩክታይት።

«የለም፣ ተራራው ነው የጠመመ!» አላት አንድ ቀጭን ረጅም ልጅ ከወዲያ። ይህ የሞጣው ያለው ነበር።

መንገዶቹን የሚያገናኝ ቦታ ሊፈልጉ ከሁለት ወገን ወደ ሜዳው ገቡ። ሣሩን ሲያዩት ደረቅ መሬት ይመስላል፤ ሲረግጡት ግን ከሥሩ ውሃ እየፈለቀ እስከ ቁርጭምጭሚት ያሰጥማል። የብሩክታይት ጫማ ጭቃው ውስጥ ቀረ። ያለው ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ መንግሎ አወጣና ውሃውን ደፍቶ ሰጣት።

«ይህ ሜዳ ምን ሆኖ ነው የሚያለቅሰው?» አለችው።

«ሁለት መንገድ ሲጣላ አይቶ።»

ሳቀች። ከዚያ ወዲህ ቦታው በሁለቱ መካከል «የሚያለቅሰው ሜዳ» ተባለ። ጎብኚ ይዘው በወጡ ቁጥር ምሳቸውን ከሜዳው ጠርዝ ቁጭ ብለው ይበላሉ፤ እንጀራ በድንች ወጥ። ያለው የሚያጎርሳት ጉርሻ ጉንጯን ይወጥራል። «ፍቅርና ጉርሻ ሲያስጨንቅ ነው» ይላታል፤ እሷም እንባዋ እስኪመጣ እየሳቀች ትውጣለች።

የብሩክታይት አባት መሪጌታ ሣህለ ማርያም ቢቸና ላይ ቅኔ የሚያስተምሩ ሰው ናቸው። ስለ ልጁ በነገሯቸው ጊዜ ጢማቸውን እያሻሹ፣ «ጨዋ ነው ይላሉ። ሥራውስ ምንድን ነው? ተራራ መውጣት? ፍየልም ይወጣል» አሉ። ይህቺ ቃል ተራራውን ተሻግራ ሞጣ ገባች፤ ከያለው ጆሮም አልቀረች።

በተከታዩ በጋ የብሩክታይት እናት ታመሙና እሷ ቢቸና ከረመች። ያለው በስልክ የምሥራች ይነግራታል። ሜዳው ላይ የድንኳን ማረፊያ ተሠርቷል፤ እሱም አስተባባሪ ሆኗል፤ ከመስቀል በኋላ ሽማግሌ ይልካል። እናቷ ሲሻላቸው፣ መስከረም ላይ፣ ድንገት ልታስደስተው ብላ ሳትነግረው ወጣች።

ሽታው ከሜዳው በፊት ተቀበላት። መጀመሪያ የሞተ በሬ መሰላት። እየቀረበች ስትሄድ ግን፣ በገዛ እጇ በጠረገችው መንገድ ላይ ቢጫ ውሃ ሲወርድ አየች፤ በውሃው ላይ ሶፍትና የሰው ዓይነ ምድር ይንሳፈፋል። ቀና አለች። በሜዳው መካከል፣ ጫማዋ በቀረበት ቦታ ላይ፣ የማረፊያው የቆርቆሮ ሽንት ቤት ወደ አንድ ጎኑ ዘንብሎ ቆሟል። በበጋ ሲቆፈር ደርቆ የነበረው መሬት ክረምት ሲገባ እንደ ልማዱ ከሥሩ አፍልቆ፣ ጉድጓዱን ሞልቶ ገንፍሏል። ውሃው ጫማዋ ውስጥ ገባ። አንድ ድንጋይ ተደግፋ አስመለሳት።

ፍሳሹን ተከትላ ወረደች። የመንደሩ ምንጭ ከሥር ነው። እማማ ፈንታነሽ፣ ሲያልፉ ሲያገድሙ በቅል ውሃ የሚሰጧቸው አሮጊት፣ ባዶ ጀሪካን ታቅፈው ተቀምጠዋል።

«አትንኪው ልጄ። ልጆቹ ሁሉ ሆዳቸውን ታመዋል። እኔም ሳላውቅ ጠጥቼው…» ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። «እስካሁን ምላሴን በአመድ እፍቃለሁ።»

ያለውን ያገኘችው በሞጣ በኩል ባለው የጥበቃ ቤት ምሳ ሲበላ ነው። ሲያያት ፊቱ በራ። ብድግ ብሎ ጉርሻ ጠቀለለና እጁን ዘረጋ።

«ምነው ሳትነግሪኝ! ነይ፣ አፍሽን ክፈቺ!»

ጣቶቹን አየች። ንጹሕ ነበሩ። ፊቷን ግን አዞረች።

«እጅህን አንሣልኝ።»

«ምን ሆንሽ?»

«ከሜዳው ነው የመጣሁ።»

ጉርሻው እጁ ላይ ቀረ። የት እንደሚያኖረው ጠፋበት።

«ረስተኸው ነው?» አለችው። ረስቶት ይሁን እያለች መንገዱን ሁሉ ስትጸልይ ነበር የመጣችው። «ጫማዬን ከዚያ ጭቃ ያወጣህልኝ አንተ አይደለህም?»

ያለው ጉርሻውን ወደ ሳህኑ መለሰው።

«አልረሳሁትም» አለ። «ሌላው ቦታ ሁሉ አለት ነው። የምረቃው ቀን ተቆርጦ ነበር፤ ካላደረስሁ አስተባባሪነቱ ለሌላ ሰው ሊሰጥ ነበር። ክረምት ሳይገባ አዛውረዋለሁ ብዬ ዛሬ ነገ ስል ዝናቡ ቀደመኝ። አባትሽ ፍየል አሉኝ እኮ፣ ብሩኬ! ለአንቺ ብዬ ነው።»

«እኔን እዚያ ጉድጓድ ውስጥ አትጨምረኝ!» አለች። «ያንገሸገሸኝ ሽታው መስሎሃል? ሽታ በሳሙና ይለቃል። የምንጩን ውሃ ሰው እንደሚጠጣው እያወቅህ ከበላዩ ቆፈርህ፤ በዚያው እጅህ ደግሞ እንጀራ ትጠቀልላለህ። ቀፈፍኸኝ፣ ያለው።»

«ሽማግሌዎቹስ?»

«እንዳይመጡ።»

ቢቸና ተመልሳ እህል አልወርድላት አለ። ወጥ ባየች ቁጥር ቢጫው ውሃ ይታያታል። የባሰው ደግሞ፣ ሰውየውን እየተጸየፈች ድምፁ ይናፍቃታል፤ በዚህም ራሷን ተጸየፈች። መሪጌታ ሽማግሌው ለምን እንደቀረ ሲጠይቋት አልደበቀቻቸውም።

«ያቺን ፍየል የለቀቅሁባችሁ እኔ ነኝ» አሉ። ቀጥለውም፣ «ልጁ ጉድጓዱን ብቻውን እየዛቀ ነው ይላሉ ከዚያ የመጡ ሰዎች። ሂጂና እዪው። መጸየፍም ቢሆን ከሩቅ አይሆንም።»

ኅዳር ላይ ወጣች። የቆርቆሮው ቤት የለም። ጉድጓዱ ተዝቆ በኖራና በአፈር ተደፍኗል። ያለው ከምንጩ ርቆ፣ ከሸንተረሩ ማዶ፣ አለቱን በድጅኖ እየፈለፈለ አዲስ ጉድጓድ ያወጣል። ባልደረቦቹ «የተቀጠርነው ለዚህ አይደለም» ብለው ትተውታል፤ አስተባባሪነቱም ተወስዶበታል። ከስቷል።

«አትቅረቢ፣ እሸታለሁ» አላት።

«ትሸታለህ» አለችና ነፋሱ ወደማያመጣባት በኩል ዞራ ተቀመጠች።

«ለእማማ ፈንታነሽ ነገርኋቸው። ይህን ያደረግሁ እኔ ነኝ አልኋቸው።»

«እሳቸውስ?»

«ፊቴ ላይ ተፉብኝ።»

«ደግ አደረጉ።»

«ደግ አደረጉ» አለ እሱም።

ከሩቁ ወንዝ ለመንደሩ ውሃ የሚያመላልስበት ጀሪካን አጠገቡ ተጋድሟል። ይቅርታ አልለመናትም፤ ለአንቺ ብዬ ነውም አልደገማትም። ድጅኖውን አነሣ። እሷ ትከሻውን ታየው ጀመር። መጸየፏ አልለቀቃትም፤ ተነሥቶ መሄዱም እንቢ አላት።

«ያለው።»

«ወይ።»

«ሽማግሌ የምትልክ ከሆነ ከሚመጣው ክረምት በኋላ ላክ። በሚኒባስ እንዳይመጡ። በበቅሎም ቢሆን በዚህ መንገድ ተራራውን አቋርጠው፣ ከዚያ ምንጭ ጠጥተው ይምጡ። ካልጠጡ ግን የአባቴን በር አያንኳኩ።»

«ውሃው ይጠራ ይመስልሻል?»

«እሱን ክረምቱን ጠይቀው።»

ክረምቱ መጣ፤ ሜዳውም እንደ ልማዱ አለቀሰ። መስከረም ላይ የሞጣ ሽማግሌዎች በቅሎ ጭነው፣ ያለው እየመራቸው፣ ጭቃውን እያቦኩ ወደ ምንጩ ወረዱ። ብሩክታይት ቀድማ ደርሳ እማማ ፈንታነሽ አጠገብ ቆማለች።

የሽማግሌዎቹ አለቃ አቶ ፈረደ የሞላውን ቅል ተቀበሉና አፍንጫቸውን ነፋ አደረጉ።

«ይህ እንግዲህ… ያ የተባለው ነው?»

«እሱው ነው» አሉ እማማ ፈንታነሽ። «ዘንድሮ አንድም ልጅ አልታመመብን። ፈርታችሁ እንደሆነ በቅሎዋ ትቅመስላችሁ።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ያለው ቅሉን ከአቶ ፈረደ እጅ ወሰደና ገልብጦ ጠጣ። ደግሞ ሞላውና ለብሩክታይት ዘረጋላት። እጁ ተሰነጣጥቋል፤ ከጥፍሩ ሥር የገባው ጥቁረት ዛሬም አልለቀቀም።

አሸተተችው። ካለፈው ዓመት ወዲህ ሳታሸት የምትቀምሰው ነገር የለም። ውሃው ድንጋይ ድንጋይ ይላል፤ ሌላ ምንም የለውም። ዓይኗን ጨፍና ተጎነጨች። ጉሮሮዋ ሲደርስ ቆመ። ቢጫው ውሃ በዓይኗ ዞረ። ሽማግሌዎቹ ይጠብቃሉ፤ ያለው ትንፋሹን ይዟል።

ዋጠችው።

«አስጨነቀሽ?» አላት በቀስታ።

«በጣም» አለችና ቅሉን ለአቶ ፈረደ አሻገረች።