ምች ተብሎ የተጻፈው

በቀይ አፈር ከተማ ሰው ጠዋት ፊቱን ሲታጠብ መታጠቢያው ጤናውን ይነግረዋል። ማታ ጮማ ያበዛ ጠዋት ይወቀሳል። ሥራው የአነፍናፊ ነው፤ አነፍናፊ በየቤቱ የፍሳሽ ቱቦ ውስጥ የተቀበረ፣ በሽታን ከውኃ የሚለይ፣ የጥፍር ያህል መሣሪያ ነው። ሰዉ ከጎረቤቱ ይልቅ እሱን ያምናል።

የጤና ጣቢያው ኃላፊ ሲስተር ብርነሽም ታምነው ነበር፣ ዘሪቱ እስከመጣችበት ማክሰኞ ድረስ። ዘሪቱ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ከዚህ በፊት ሁለት ልጆች ሞተው ተወልደውባታል። አሁን መዳፏና ውስጥ እግሯ ሽፍ ብሏል፤ አነፍናፊው ግን ምች ነው፣ ያልፋል ብሏታል። ሲስተር የዘሪቱን መዳፍ አገላብጣ አየች። ደሟን እንደ ድሮው በመርፌ ቀድታ በእጇ መረመረችው። ቂጥኝ ነበር፤ ከተማዋ ጠፋልኝ ብላ ከደገሰች ሠላሳ ዓመት የሆነው በሽታ።

ብልሽቱን እንዲፈልግ ኢዮስያስ የሚባል የመሣሪያው ባለሙያ ተጠራ። ሁለት ቀን ከቱቦ ቱቦ ሲንከራተት ሰነበተ። በሦስተኛው ቀን መጥቶ ወንበሩ ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ።

«አልተበላሸም፣ ሲስተር። ቂጥኝን አሳምሮ ያውቀዋል። በእኛና በባቡሩ መስመር ላይ ባሉት ሦስት ከተሞች አራት መቶ አሥራ ሁለት ሰው ላይ አግኝቶታል። ለሰው ሲናገር ነው ምች የሚለው።»

ማን አዘዘው ብላ ጠየቀችው። ማንም አላዘዘውም፤ ለበሽተኛ እንዴት እንደሚነገር የተማረው ከዚሁ ጤና ጣቢያ የድሮ መዝገብ ነው አላት። መዝገቡን ጠረጴዛዋ ላይ ባለው ስክሪን ከፈተላት። የእጅ ጽሕፈቱ የራሷ ነበር።

ያኔ፣ በሽታው ጠፋ ሳይባል፣ አዲስ ነርስ ነበረች። አንዲትን ሙሽራ የባሏ ቤተሰብ ካርዷን አንብቦ ከቤት ሲያስወጣት በዓይኗ አየች። ከዚያ ወዲህ ቂጥኝ ላገኘችበት ሁሉ ካርዱ ላይ ምች ብላ ትጽፍ ነበር። በሩን ዘግታ ፔኒሲሊን ትወጋቸዋለች፤ የትዳር ጓደኛንም ሰበብ ፈልጋ ጠርታ ትወጋለች። መርፌውን ግን አንድም ቦታ አልመዘገበችውም፤ ከመዘገበችው ገመናው ይወጣል። ሌሎቹ ነርሶችም ከእሷ ለመዱ። መሣሪያው መደበቁን ከእነሱ ወረሰ፤ ማከማቸውን ግን የሚያይበት አልነበረውም።

ኢዮስያስ እነዚያን ገጾች ልሰርዛቸው አለ። ሲስተር እንባዋን ጠረገች።

«አትሰርዝ፣ ልጄ። የጎደለውን እኔ እሞላለታለሁ።»

መጀመሪያ ዘሪቱን ጠራቻት። በሩን ዘግታ የበሽታውን ስም በግልጽ ነገረቻት፤ ባሏም መታከም እንዳለበት አስረዳቻት። ዘሪቱ ሆዷን በሁለት እጇ ያዘች።

«ይሄኛውስ ይተርፍልኛል፣ ሲስተር?»

«ጊዜ አለን» አለቻትና መርፌውን ወጋቻት።

ከዚያ መዝገቡን ከፍታ ቂጥኝ ብላ ጻፈች፤ ከጎኑም ፔኒሲሊን መሰጠቱን። ጽፋ ስትጨርስ ስክሪኑ ላይ የአነፍናፊው ጥያቄ ወጣ፦ ለቀሩት አራት መቶ አሥራ አንድ ሰዎችም ይህን ስም ልንገራቸው? ያፍራሉ።

ሲስተር ብርነሽ ጥያቄውን ደግማ አነበበችው። እሷ በወጣትነቷ ይህን የምትጠይቀው ሰው አልነበራትም።

ንገራቸው፣ ብላ ጻፈችለት። ብቻቸውን ሲሆኑ ንገራቸው። መድኃኒቱ እኔ ዘንድ እንዳለም በዚያው አፍታ ንገራቸው።