ሲዘጋ የሚረሳ ፕሮግራም

መብራት ሄደ።

ሽባባው እጁን ከኪቦርዱ ላይ አላነሳም። ከጠረጴዛው ሥር ያለው ባትሪ መጮህ ጀመረ። ቢበዛ አምስት ደቂቃ ይይዛል። እንጅባራ ላይ ዝናብና መብራት ተስማምተው ውለው አያውቁም፤ እሱም ይህን እያወቀ ነው የገባው።

መታወቂያው ላይ ሽባባው፣ ኮምፒውተር ጠጋኝ ይላል። የላኩት አለቃው በምስጢር ስሙ «ዳማ» ይሉታል። እናቱ ባወጣችለት ስም የሚጠራው ሰው ካጣ ስድስት ዓመቱ ነው።

ቢሮው ላዩን የጭነት ማመላለሻ ነው። ውስጡን ግን ሰው ይሸጣል። ከግምጃ ቤትና ከአዘና ከተሞች በሥራ ስም የተሰበሰቡ ዘጠኝ ልጃገረዶች አንድ ቤት ተቆልፎባቸዋል። ሲመሽ በጫግኒ በኩል ወደ ድንበር ይጫናሉ። የት እንዳሉ የሚናገረው ይህ ፕሮግራም ብቻ ነው። ባለቤቱ ብልጥ ነው፤ ዲስክ ላይ ምንም አያስቀምጥም። ጠዋት ይሞላል፣ ሲዘጋ ሁሉንም ይረሳል።

ስለዚህ ሳይዘጋ፣ በውስጡ ያሉትን፣ ስምና ቦታ የሚይዙትን ተለዋዋጮች ከነይዘታቸው ወደ ጽሑፍ ፋይል ማውጣት ነበረበት።

በሩ ላይ ማናለብሽ ቆማለች። የቢሮው ጸሐፊ ናት፤ በይለፍ ቃሏ የከፈተችለት እሷ ናት። ለአለቃው በሚልከው ወሬ ውስጥ «ጉራች» ከመባል በቀር ስሟ ተነስቶ አያውቅም። ከዘጠኙ አንዷ፣ ሃና፣ ታናሽ እህቷ ናት።

«አልጨረስክም?»

«አንቺ በሩን እይ።»

ዝርዝሩ ከሁለት መቶ በላይ ነው። አንድ በአንድ መምረጥ ቀርቶ ማንበቢያም ጊዜ የለም። «ሁሉንም» የሚለውን ተጫነ። ፋይሉ ፍላሹ ላይ ወረደ። ከፈተው።

ቤት = ዳንግላ፣ ከከብት ተራው ጀርባ፣ አረንጓዴ በር
ሴት_4 = ሃና

የመጨረሻው መስመር ላይ ዓይኑ ቆመ።

የከፈተው = ማናለብሽ

እሷም ከትከሻው በላይ አነበበችው።

«ስሜ ወጥቷል።»

«አጠፋዋለሁ።»

«አደራህን።»

ስክሪኑ ጨለመ።

ማናለብሽን እንጅባራ ትቶ ወደ ዳንግላ በተሳፈረበት ሚኒባስ ውስጥ ሦስት ሰው በሚቀመጥበት ወንበር አራተኛ ሆኖ ተጣቦ ፋይሉን ወደ ስልኩ ገለበጠ። ከስልኩ ላይ መስመሯን አጠፋ። ፍላሹ ላይ ያለውን ግን ስልኩ አላጠፋ አለው። ዳንግላ ኮምፒውተር ቤት ገብቼ እጨርሰዋለሁ ብሎ ራሱን አጽናና።

ጋሼ ሀብቱ ግን የዳንግላ መናኸሪያ በር ላይ ቆመው ጠበቁት።

አለቃው ናቸው። አባቱ ሲሞት ያስተማሩት፣ ለዚህ ሥራም የመለመሉት እሳቸው ናቸው።

«ዳማ። አምጣ።»

እጃቸውን ዘረጉ። «አንዴ ይታገሱኝ፣ የማጠፋት አንዲት መስመር አለች» ማለት ብቻ ነበር። የሽጉጥ አፈሙዝ ፊት ያልተሳሰረ ምላሱ ተሳሰረ። ያሳደገውን ሰው እጅ በአየር ላይ እንዴት ያቆየዋል? ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ሰጣቸው።

አንዲት ሻይ ቤት ገቡ። ጋሼ ሀብቱ ላፕቶፓቸውን ከፈቱ። ልጆቹ ያሉበትን ቤት አላዩም፤ በቀጥታ ወደ ታች ወረዱ። የመጨረሻው መስመር ላይ ቆሙ።

«መጣሁ» ብለው ወጡ።

ድምፃቸው በቆርቆሮው ግድግዳ አልፎ ተሰማ።

«ጸሐፊዋ ናት። ማናለብሽ። አዎ፣ አሁኑኑ።»

አሁን ገባው።

እሱን የላኩት ልጆቹን ለማዳን አልነበረም። ማን በሩን እንደሚከፍትለት አውቀው ለሰው ሻጮቹ ለመጠቆም ነበር።

ተመልሰው ትከሻውን መታ መታ አደረጉት።

«ጎበዝ። ሂድና እረፍ።»

«እሺ፣ ጋሼ።»

ጥጉን እንደዞረ ደወለላት። ስልኳ ዝግ ነው።

ደገመው። ዝግ ነው።

ዳንግላ ውስጥ የሚያምነው አንድ ፖሊስ አለ፣ ደጀን የሚባል። ስልኩ ላይ ያለውን ፋይል ላከለት። «እንጅባራ ቢሮው ያለችውን ጸሐፊም ድረሱላት» አለው። ደጀን ቀልጣፋ ነው፤ ሰዓት ሳይሞላ አረንጓዴው በር ተሰበረ። ዘጠኙም እየተደጋገፉ ወጡ። ሽባባው ከከብት ነጋዴዎቹ ጋር ተደባልቆ ቆጠራቸው።

መልካም ነው። መልካም ነበር።

ከእንጅባራ የመጣው መልስ ግን አጭር ነው። ቢሮው ተቆልፏል፣ ሰው የለም። ጋሼ ሀብቱም ከሻይ ቤቱ ወጥተው የት እንደገቡ ያየ የለም። ሽባባው ሚኒባስ ለመነ፤ ነዳጅ ሰልፍ ላይ ነን አሉት። ባጃጅ ለመነ፤ እዚያ ድረስ አንሄድም አሉት። ቢሄድስ የት ብሎ ነው የሚፈልጋት? ስልኩን እንደያዘ እንደ ሞኝ ቆመ።

አንዲት ቀጭን ልጅ ወደ እሱ መጣች። ነጠላዋ በጭቃ ተለውሷል።

«ጋሼ፣ ስልክ ቢያስደውሉኝ? እህቴ ትጨነቃለች።»

ሰጣት። ቁጥሩን በቃሏ ነካካች፤ አዳመጠችና መለሰችለት።

«ባትሪ ዘግቶባት ይሆናል። ከደወለች ሃና ደህና ናት ይበሉልኝ።»

«እሺ» አለ።

የሥራው ደንብ ሲም ካርዱን አውጥተህ ስበር ይላል። ጋሼ ሀብቱ ቁጥሩን ያውቁታል፤ ስልኩ ክፍት በሆነ ቁጥር ያለበትን ይደርሱበታል።

ወደ ባሕር ዳር በሚሄደው የመጨረሻ አውቶቡስ ተሳፈረ። ረዳቱ ትኬት ሊቆርጥለት ስሙን ጠየቀው። አፉ ላይ የመጣለትን ሰጠው።

ስልኩን ግን አልዘጋውም።